ምዕራፍ 7፦ ይሰማል፣ ላልቶም ጠብቆም

ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቅዳሜ ዕለት ሰርግ አለ እንበል። አንዱ ጥበቃ ዋናው በር ላይ ቆመዋል፤ ሌላው፣ ወጣቱ፣ ታች ጀልባ ማቆሚያው ጋ ነው። በሁለቱ መሀል ድንኳን፣ ሦስት መቶ እንግዳና የባንድ ጩኸት አለ። ሁለቱም ዎኪ ቶኪ ይዘዋል። የወጣቱ ሬዲዮ ባለፈው ሳምንት ውሃ ገብቶበት ስለተበላሸ ዛሬ የያዘው ከስቶር የወጣ ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ጋሼ! ሙሽሮቹ በጀልባ እየደረሱ ነው፤ ቪዲዮ አንሺውን ወደ ታች ይላኩልኝ። ይሰማል?»

መልስ የለም። እንደገና ይጫናል። «ጋሼ፣ ይሰማል?» ዝም። ወዲያው ግን የጋሼ ድምፅ ከዚያው ሬዲዮ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ካለው ልጅ ጋር ስለ አንድ ሚኒባስ ይነጋገራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ወጣቱ ደሙ ይፈላል። እሱ እነሱን እየሰማ እነሱ እሱን አይሰሙም ማለት አይዋጥለትም። «ንቀውኝ ነው» ይልና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወጣል። በሩ ጋ ሲደርስ ሙሽሮቹ ያለ ቪዲዮና ያለ እልልታ ከጀልባ ወርደዋል። ጋሼ ደግሞ በልጆቻቸው ይምላሉ፦ «አንዲት ቃል ከሰማሁ! አረንጓዴዋ መብራት ሁለት ሦስቴ በርታ ጠፋች፤ ሌላ ያየሁት የለም።»

ማንም አልዋሸም። ይህችን አረንጓዴ መብራት አትርሷት፤ እንመለስባታለን።

በአማርኛ «ይሰማል» ብለን ስንጽፍ ሁለት ቃል በአንድ ልብስ እናለብሳለን። ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው ያዳምጣል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ድምፁ ሌላው ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ፊት ለፊት ስንነጋገር ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ልዩነቱ ትዝም አይለን፤ ከሰማሁህ ትሰማኛለህ። ዎኪ ቶኪ ውስጥ ግን መስማትና መሰማት ለየብቻ የሚስተካከሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሁለቱን የምታለያየው ሰው እንዳይሰማት ተደርጋ ከንግግር ሥር የምትላክ አንዲት ቀጭን ቃና ናት።

ንግግርን የማይጠብቅ ዘበኛ

የቤታችሁን ኤፍኤም ሬዲዮ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስታዞሩ መሀል ላይ የሚያጋጥማችሁን ሽሽሽታ አስታውሱ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ያንን ድምፅ የላከው ማንም የለም። ሬዲዮ ምንም በማይመጣበት ጊዜም ማጉላቱን አያቆምም፤ የሚያጎላው ሲያጣ የራሱን የውስጥ ዕቃዎች ትርምስና ከአየሩ የሚለቃቅመውን ጫጫታ ያጎላል። ጣቢያ ሲያገኝ ደግሞ ጫጫታው ራሱን ይደብቃል፤ የኤፍኤም ጠባይ ነው።

ቀኑን ሙሉ በር ላይ የሚቆም ሰው ይህን ሽሽሽታ ጆሮው ሥር ይዞ መዋል አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዎኪ ቶኪ ውስጥ ስኩዌልች የሚባል ክፍል አለ። ሥራው የድምፅ ማጉያውን በር መክፈትና መዝጋት ነው፤ ዝም ማሰኛ ብንለው ይገባዋል። የሚገርመው ይህ ዘበኛ የሚጠብቀው ንግግርን አለመሆኑ ነው። የሚለካው ጫጫታን ነው፤ ያውም ከሰው ንግግር በላይ ያለውን ቀጭን ሽሽሽታ። ሽሽሽታው ሲበዛ «ማንም የለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሽሽሽታው ድንገት ሲቀንስ «አንድ ሰው መጥቷል» ብሎ ይከፍታል። የመጣው ሰው አንድ ቃል ባይናገርም፣ ቁልፉን ተጭኖ ዝም ቢል እንኳ በሩ ይከፈታል።

አሮጌ ሬዲዮዎች ላይ ይህን የምትሞክሩበት የሚዞር ቁልፍ አለ። ሽሽሽታው እየተሰማ ቀስ እያላችሁ ታዞሩታላችሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ቷ ብሎ ይጠፋል። እዚያው ማቆም ነው። ከዚያ አልፋችሁ ካጠበቃችሁት ዘበኛው ይጨክናል፤ ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ከጫጫታ ሳይለይ በሩ ላይ ያስቀረዋል። ዛሬ ባሉት ትንንሽ ሬዲዮዎች ቁልፉ ወደ ሜኑ ገብቶ ከ0 እስከ 9 ቁጥር ሆኗል፤ ሥራው ያው ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ጭካኔውም ያድጋል።

ይህ ዘበኛ አንድ ጉድለት አለው። ሰው መምጣቱን እንጂ ማን እንደመጣ አያውቅም። የእናንተ ባልደረባም ሆነ የሌላ ሆቴል ጥበቃ እኩል ይገባሉ።

ሐይቅ ግድግዳ የለውም

ይህ ጉድለት ባሕር ዳር ላይ ከሌላው ከተማ ይልቅ ይሰማል። ምክንያቱ ጣና ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ለጀልባ ነጂ ውሃ ነው፤ ለሬዲዮ ሞገድ ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ዎኪ ቶኪ የሚጠቀምበት ሞገድ በአብዛኛው የሚጓዘው ዓይን በሚያይበት መስመር ነው። ሕንፃ፣ ዛፍና ኮረብታ ያደክሙታል። እነዚህ በሌሉበት የሚያስቆመው የምድር ክብነት ብቻ ነው።

ይህን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ስታባዙ ሞገዱ የሚደርስበትን አድማስ በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ሬዲዮውን ከውሃው 2 ሜትር ከፍ አድርጎ ቢይዝ አድማሱ 5.8 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላ ጀልባ ላይ ያለው ጓደኛውም እንዲሁ ነውና ሁለቱ ተደምረው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ያው ሬዲዮ ከተማ ውስጥ በሕንፃዎች መሀል ሁለት ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሊያቅተው ይችላል። አንዱ አንቴና ከውሃው 100 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ቢተከል ደግሞ ርቀቱ ወደ 47 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን አልፎ ደቅ ደሴት የሚያደርስ ርቀት ነው። ሪፒተር የሚባለው፣ በአንድ ሞገድ ሰምቶ በሌላ ሞገድ የሚደግም ጣቢያ፣ ቦታው ቤዛዊትን የመሰለ ኮረብታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ርቀት በረከት ነው፤ እዳም አለው። እናንተ ሩቅ ስትሰሙ ሩቅ ያለውም እናንተን ይሰማል። በዚያ ላይ ብዙ ርካሽ ሬዲዮዎች ከፋብሪካ 16 ቻናል ተሞልቶላቸው ይመጣሉ። ያንኑ ሞዴል የገዛ ሁሉ ያንኑ ቻናል ይዞ ይዞራል። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ ማዶ ያለ የግንባታ ቦታና የቱሪስት ጀልባ ሳይተዋወቁ አንድ ቻናል ላይ ይገናኛሉ። የሲሚንቶ ጥያቄ የሰርግ ጥበቃው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ቃና የተፈጠረችው ለዚህ ነው።

በገናውና የብረቱ ምላስ

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተቃኘ በገና አስቀምጡ። በገና 10 አውታር አለው። አፋችሁን ወደ እሱ አቅርባችሁ ከአውታሮቹ የአንዱን ቃና ጠንከር አድርጋችሁ አንጎራጉሩና ድንገት ዝም በሉ። ቃናውን በትክክል ከያዛችሁት ማንም ያልነካው አንድ አውታር በስሱ ሲንቀጠቀጥ ታገኙታላችሁ። በሌላ ቃና የተቃኙት ንቅንቅ አይሉም። እያንዳንዱ አውታር የሚመልሰው ለራሱ ቃና ብቻ ነው።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሞቶሮላ መሐንዲሶች ሬዲዮ ውስጥ ያስገቡት ይህንኑ ነገር ነው። በአውታር ፈንታ ስስ የብረት ምላስ ተጠቀሙ። ምላሷ የተሠራችው በአንድ ቃና ብቻ እንድትንቀጠቀጥ ነው። የሚናገረው ሰው ሬዲዮ ከንግግሩ ሥር ያችን ቃና ይልካል፤ የሚሰማው ሬዲዮ ውስጥ ያለችው ምላስ ቃናዋን ስታገኝ ትንቀጠቀጣለች፤ ስትንቀጠቀጥ በሩ ይከፈታል። ሌላ ቃና ቢመጣ፣ ወይም ንግግር ብቻ ቢመጣ፣ ዝም ትላለች፤ በሩም አይከፈትም። ዛሬ ምላሷን የተካት በቺፕ የሚሠራ ስሌት ነው። ሐሳቡ ግን የበገናው አውታር ነው።

ቃናዋ ያለማቋረጥ ስለምትላክ ዘዴው በሙያው ቋንቋ ሲቲሲኤስኤስ ይባላል፤ ቁልፉ እስኪለቀቅ በሚዘልቅ ቃና የሚከፈት ስኩዌልች ማለት ነው። ቃናዎቹ ከ67.0 እስከ 254.1 ሄርዝ ባለው ውስጥ የተመረጡ ናቸው። ሄርዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ የሚነግር ልኬት ነው። ዎኪ ቶኪ የሰውን ንግግር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,000 ሄርዝ ገደማ ባለው ክልል ነው። ከ300 በታች ያለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ቃናዋ እዚያ ትኖራለች። ጆሯችን 100 ሄርዝን መስማት አቅቶት አይደለም፤ ሬዲዮው ወደ ድምፅ ማጉያው ከመላኩ በፊት ከ300 በታች ያለውን አጥልሎ ስለሚያስቀረው ነው። አጥላዩ ደካማ የሆነበት ሬዲዮ ላይ ግን ከሰውዬው ንግግር ጀርባ የሩቅ ጀኔሬተር የሚመስል እምምታ ታገኛላችሁ። ያች ናት።

ትንንሽ ሬዲዮዎች ብዙ ጊዜ 38 ቃና ይይዛሉ፤ ሌሎች እስከ 50 ይደርሳሉ። አንዱ ቃና ከጎረቤቱ የሚለየው በአብዛኛው በመቶ 3 ገደማ ብቻ ነው፦ 85.4፣ ቀጥሎ 88.5፣ ቀጥሎ 91.5። ፒያኖ ላይ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች በመቶ 6 ያህል ይለያያሉና ሬዲዮው ከሁለቱ ቁልፎች ልዩነት በግማሽ ያህል የጠበበውን መለየት ይጠበቅበታል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል በአገራችን መሸሽ የሚገባው አንድ ቃና አለ፤ 100.0። ምክንያቱ የመብራታችን ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከጣና በሚወስደው ውሃ የሚሠራው፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም፣ ከከተማው በታች ያሉት የጢስ ዓባይ ማመንጫዎችም ለዚሁ 50 ሄርዝ መረብ ያመነጫሉ። ይህ ኃይል ወደ ዲሲ ሲለወጥ እምምታው እጥፍ ሆኖ በ100 ሄርዝ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በደካማ ፓወር ሰፕላይ የሚሠራ ሬዲዮ ይህን እምምታ ወደ ድምፁ ሊቀላቅለው ይችላል። ያን ጊዜ 100.0 የሚጠብቀው ዘበኛ የጠራውን ሰው ትቶ ለመብራቱ እምምታ በሩን ሊከፍት፣ ወይም እውነተኛዋ ቃና ተረብሻበት ሊዘጋ ይችላል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ 88.5 ወይም 123.0 ያዙ።

ሁለት ቅንብር፣ አንድ ጥል

አሁን ወደ ሰርጉ እንመለስ። የሆቴሉ ሬዲዮዎች ሁሉ 88.5 ተሞልቶላቸዋል እንበል። ከስቶር የወጣው ሬዲዮ ቻናሉ ትክክል ነው፤ ቃናው ግን አልተሞላለትም።

ሜኑው ውስጥ ቃና ሁለት ቦታ አለው። አንደኛው የመላኪያ ቃና ነው፤ «ስናገር ይህችን አብረህ ላክ» ይላል። ሁለተኛው የመቀበያ ቃና ነው፤ «ይህችን ካልያዘ በቀር ለማንም አትክፈት» ይላል። የወጣቱ ሬዲዮ ሁለቱም ባዶ ናቸው። መቀበያው ባዶ ስለሆነ ለመጣ ሁሉ ይከፍታል፤ ስለዚህ የጋሼን ሳቅ ሳይቀር ሰማ። መላኪያው ባዶ ስለሆነ ግን ድምፁ ያለ ቃና ሄደ። የጋሼ ሬዲዮ ሞገዱን ተቀብሏል፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ አረንጓዴዋ መብራት የምትበራው ሞገድ ሲመጣ ነውና በራች። ዘበኛው ግን 88.5ን ፈልጎ አጣ፤ ድምፅ ማጉያውን አልከፈተም። መብራቷ በርታ ድምፅ ካልመጣ «የመጣ ሰው አለ፣ ቃናው ግን የእኛ አይደለም» ማለት ነው። ጋሼ ያዩት ይኼን ነበር። ይህን ምልክት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ጥሉ ባልተነሳ።

ባለሙያ ሲመጣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ መላኪያው ላይ 88.5 ይሞላና ወጣቱ ይሰማል፣ ጠብቆ። መቀበያውን ባዶ ከተወው ወጣቱ የጎረቤቱንም ሲሚንቶ እየሰማ ይውላል፤ ሁለቱንም ከሞላው የባልደረቦቹን ብቻ ይሰማል። በስህተት መቀበያውን ብቻ ሞልቶ መላኪያውን ከረሳው ደግሞ ጥሉ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሬዲዮዎች ቃናውን በሄርዝ አይጽፉትም፤ «ኮድ 12» ብለው በተራ ቁጥር ይጽፉታል። ተራውን የሚሰጠው አምራቹ ነው። በተለመደው የ38 ቃና ዝርዝር 12ኛው 100.0 ነው። ሌላ አምራች ከ67.0 ቀጥሎ 69.3ን በዝርዝሩ ካስገባ ግን ሁሉም በአንድ ይገፋና 12ኛው 97.4 ይሆናል። ሁለቱም ስክሪን 12 ይላል፤ ሁለቱም ባለቤት «ያው ነው» ይላል፤ ሬዲዮዎቹ ግን አይግባቡም። ስለዚህ ወረቀት ላይ መጻፍ ያለበት የኮዱ ቁጥር ሳይሆን የሄርዙ መጠን ነው።

በአሃዝ የምታንኳኳ ቃና

ከሲቲሲኤስኤስ ጎን ዲሲኤስ የሚባል ወንድሙ አለ። ዲሲኤስ አያንጎራጉርም፤ ያንኳኳል። ከንግግር ሥር በሰከንድ 134.4 ቢት ፍጥነት አንድ የ23 ቢት ቃል ደጋግሞ ይልካል። ቃሉ ተልኮ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ያንኑ ይደግማል። አጻጻፉ እ.ኤ.አ. በ1949 ማርሴል ጎሌይ ያወጣው ኮድ ነው፤ ከ23ቱ ቢት እስከ 3 የሚደርሱት ቢበላሹ እንኳ ዋናው ቃል የቱ እንደነበር ማወቅ ይቻላል። ቃላቱ የሚጠሩት እንደ 023 ወይም 754 ባለ ሦስት አሃዝ ነው። አሃዞቹ ከ0 እስከ 7 ብቻ ስለሚሄዱ 8 ወይም 9 ያለበት የዲሲኤስ ኮድ አታገኙም።

እዚህም አንድ ተንኮል አለ። ሞገዱ ተገልብጦ ከተነበበ አንዱ ኮድ ሌላውን ይሆናል፤ 023 ሲገለበጥ 047 ነው። ለዚህ ነው ሜኑው ላይ ከኮዱ ጎን «ቀጥታ» ወይም «ግልብጥ» የሚል ምልክት ያለው። ሁለት ሬዲዮ አንድ ኮድ ይዞ ካልተግባባ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ምልክት ነው።

የተቆረጠችው «አት»

የብረቷ ምላስ እስክትንቀጠቀጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ዛሬ ያለው ቺፕም ቃናዋን ቆጥሮ እስኪያረጋግጥ ከሰከንድ አንድ አራተኛ ያህል ሊፈጅበት ይችላል። በመሀል ሪፒተር ካለ እሱም የራሱን ይጨምራል። በዚያች ቅጽበት በሩ ገና ዝግ ነውና የተናገራችሁት የመጀመሪያ ፊደል አየር ላይ ይቀራል።

በሌላ ቋንቋ ይህ ጥቃቅን ችግር ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ግን አደጋ ነው፤ ምክንያቱም አሉታችን የሚቀመጠው ከፊት ነው። ማዕበል በተነሳበት ከሰዓት በኋላ፣ ጀልባ ከመቆሚያው ጋር እየተላጋ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ከመጫኑ ጋር «አትልቀቁ!» ብሎ ቢጮህ፣ ገመዱን የያዙት ልጆች ጋ የሚደርሰው «ልቀቁ!» ሊሆን ይችላል። «አትቅረቡ» ሲቆረጥ «ቅረቡ» ነው። ትእዛዙ ድምፀቱን ሳይለውጥ ትርጉሙን ይገለብጣል፤ የሰማው ሰው የጎደለ ነገር እንዳለ የሚጠረጥርበት ምክንያት እንኳ የለውም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ በልባችሁ «አንድ» በሉ፣ ከዚያ ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ትእዛዝን በአሉታ አትጀምሩ። «አትልቀቁ» ከማለት «ገመዱን ያዙ፣ ያዙ!» ማለት ይሻላል፤ ቢቆረጥም ትርጉሙ አይገለበጥም።

የንግግር መጨረሻም የራሱ ጉዳይ አለው። ሰውዬው ቁልፉን ሲለቅ በሩ እስኪዘጋ ድረስ «ክሽ» የሚል ቁራጭ ጫጫታ ሾልኮ ይገባል። በብረት ምላስ ዘመን ይብስ ነበር፤ ምላሷ ቃናዋ ካለቀች በኋላም በጉልበቷ ትንቀጠቀጥ ነበርና። መፍትሔው ብልህ ነው። ሬዲዮው ከመጥፋቱ በፊት ለአንድ አፍታ ቃናዋን ገልብጦ ይልካታል፤ ግልባጯ ምላሷን ትገታታለች። በገና ደርዳሪ የሚያስተጋባውን አውታር በመዳፉ ሲያስቆም እንደማለት ነው።

መጋረጃ እንጂ ቁልፍ አይደለም

አምራቾች ይህን ዘዴ ሲሸጡ ስም አወጡለት። ሞቶሮላ «የግል መስመር» አለው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ «የቻናል ጠባቂ» አለው። አርሲኤ «ጸጥተኛ ቻናል» አለው። ከሦስቱ እውነቱን የነገረው ሦስተኛው ነው። ቃና ቻናሉን ለእናንተ ጸጥ ያደርገዋል፤ የግላችሁ አያደርገውም።

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ነው። ቃና ሞልቶ የጎረቤቱ ድምፅ ሲጠፋለት «አሁን ማንም አይሰማኝም» ይላል። የተዘጋው ግን የራሱ ጆሮ ነው፤ አፉ እንደተከፈተ ነው። መቀበያውን ባዶ ያደረገ ማንም ሰው እያንዳንዷን ቃል ይሰማል፤ የሰርጉ ወጣት ያን ቀን የጋሼን ሳቅ የሰማው እንደዚያ ነበር። ርካሽ ሬዲዮዎች እንኳ የሚመጣውን ቃና ፈልገው ቁጥሩን ስክሪን ላይ የሚያሳዩበት ሜኑ አላቸው። የክፍል ቁጥር፣ የእንግዳ ስም፣ ገንዘብ የሚሄድበት ሰዓት በቃና ተማምኖ አይነገርም።

ሁለተኛው መዘዝ ከዚህ ይከፋል። ኤፍኤም ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ላይ አብሮ ሲናገር ብርቱውን ይይዛል፣ ደካማውን ይጥላል። ሩቅ ካለ ጀልባ ባልደረባችሁ እየጠራችሁ ሳለ፣ ቅርብ ያለ የሌላ ድርጅት ሰው ቢናገር፣ ሬዲዮአችሁ የቅርቡን ይይዛል። ቃናው የእናንተ ስላልሆነ በሩ አይከፈትም። የባልደረባችሁ ጥሪ ጠፋ፤ እናንተ ጋ ደግሞ ፍጹም ጸጥታ ነው። ቃና ባይኖር ኖሮ ቢያንስ የሌላውን ሰው ወሬ ሰምታችሁ «ቻናሉ ተይዟል» ትሉ ነበር። ቃና ግጭቱን አያስቀርም፤ ይሸፍነዋል። እናንተም ስትናገሩ ሳታውቁ የሌላውን ጥሪ ትቀብራላችሁ።

የቀድሞ የመኪና ሬዲዮ ሠሪዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። የማይክሮፎኑ መስቀያ ላይ ትንሽ ማብሪያ ነበረች፤ ሾፌሩ ማይኩን ሲያነሳው የቃናው በር በራሱ ይከፈትና ሰው እየተናገረ እንደሆነ ያሰማዋል። የእጅ ሬዲዮ መስቀያ ስለሌለው ያች ሥራ ወደ ጎን ቁልፍ ሄዳለች፤ ሞኒተር ትባላለች። ብዙ ሰው ለዓመታት ሬዲዮ ይዞ ይህችን ቁልፍ አንድ ቀን ተጭኗት አያውቅም።

ቃና ስምም አይደለም። 88.5ን ማንም መሙላት ይችላል፤ በሩ የተከፈተለት ሁሉ ባልደረባ ነው ማለት አይደለም። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ የሚል መጠሪያ አለው፤ መጀመሪያው ላይ ያለው ኢቲ የአገራችን መለያ ነው። ተናጋሪው ማን እንደሆነ በቃል ይናገራል እንጂ በቃና አይተማመንም። ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ በአገራችን ሞገድ የሚደለድለውና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የራስን ቃና መምረጥ በሌላ ሰው ሞገድ ላይ ለመናገር መብት አይሰጥም።

ሁሉም መስማት ያለበት ቦታ

ባሕር ዳር ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን አብራሪ ከማማው ጋር ሲነጋገር ቃና የለም። የአቪዬሽን ሬዲዮ ሆን ተብሎ ክፍት ነው፤ አንዱ አብራሪ ሌላው ምን እንደተፈቀደለት መስማት አለበትና። በባሕር ላይ ያሉ መርከቦች ለጭንቅ ጊዜ የሚጠብቁት ቻናል 16፣ 156.8 ሜጋ ሄርዝ፣ ቃና የለውም። የሚሰምጥ ሰው የማንን ቃና መያዝ እንዳለበት የሚያስብበት ጊዜ የለውም። በጣና ደሴቶች ገዳማት የሚደወለው የድንጋይ ደወልም እንዲሁ ነው፤ ለሰማ ሁሉ ነው የሚደወለው።

እንግዲህ ልኩ ይህ ነው። ቃና ለሥራ ቀን ጥሩ ነገር ነው፤ ሰውን ከማይመለከተው ወሬ ያሳርፋል። ሕይወት የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ግን ጆሮ የሚደፍን ጥጥ ነው። ሐይቅ ላይ የሚሠራ ቡድን ካላችሁ ቢያንስ የአንድ ሰው ሬዲዮ፣ ዳር ላይ የተቀመጠው ሰው፣ የመቀበያ ቃናው ባዶ ሆኖ ይዋል፤ የማንም ጥሪ ቢመጣ እንዲሰማ። የሬዲዮዎቻችሁን ቻናልና ቃና በሄርዝ ጽፋችሁ በየባትሪው ጀርባ ለጥፉ፤ ከስቶር አዲስ ሬዲዮ ሲወጣ ከበሩ እስከ ጀልባው ሁለቱንም ወገን ሞክሩት። ሁልጊዜም ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ሞኒተሯን ተጫኑና አንድ ትንፋሽ ያህል አዳምጡ። «ይሰማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይስማ።